ያለ ፌርማታ አይቆምም

ባሌ ካልከፈተልኝ በቀር ከቤቴ መውጣት የማልችል ሴት ነኝ። ይህን ስል ቀናተኛ፣ ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ጨዋ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቤታችን አውቶቡስ ነው፤ የአውቶቡስ በር ደግሞ የሚከፈተው በአየር ነው፤ አየሩን የሚለቀው ቁልፍ ያለው ሾፌሩ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወደ ሾፌሩ ክፍል ደግሞ ከሾፌሩ በቀር ማንም አይገባም። ሾፌሩ ባሌ ነው፤ በሥራ ዘመኑ ተቆጣጣሪ እንኳ አስገብቶ አያውቅም፤ እኔማ ማን ነኝ።

ስለዚህ የዕቃ እጣቢ ልደፋ ስፈልግ "ክፈትልኝ" እላለሁ። ልብስ ላሰጣ ስፈልግ "ክፈትልኝ" እላለሁ። እሱም ይከፍትልኛል፤ የቆምንበት ቦታ ፌርማታ ከሆነ ነው ታዲያ። ፌርማታ ካልሆነ አይቆምም፣ ካልቆመ አይከፍትም። ሰፈራችን ውስጥ "ደቂቃ" ነበር የሚሉት፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አርፍዶ ስለማያውቅ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ "ለነገ" ሲለኝ "እሺ" ብዬ ለሳምንት የማደርስ። እንዴት እንደተጋባን እስከ ዛሬ የሚገርማቸው አሉ።

ለዚህ ያበቃኝ ሆዴ ነው። ጡረታ ሲወጣ ጠዋት ጠዋት ለባብሶ ደጃፍ ላይ ይቆምና፣ የሚሄድበት ሲያጣ ተመልሶ ይቀመጣል። አንጀቴን በላው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ አውቶቡሶችን ሲሸጥ ሲነዳው የኖረውን ገዛና ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ አስገባበት። "አንድ ዓመት አገሩን እንዙር፤ ስፌትሽንም እዚያው ትሰፊያለሽ" አለኝ። እሺ አልኩ። ቤታችንን አከራየን፣ እኔም ሱቄን ዘጋሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አገር መዞር የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ የሚያውቀው መስመር ነው። በመጀመሪያው ወር እንደ ልባችን ዞርን፤ በሁለተኛው ያንኑ መንገድ ደገመው፤ ከዚያ በኋላ መስመር ሆነ። ከወንዙ ዳር ወደ ነዳጅ ማደያው፣ ከማደያው ወደ መናፈሻው፣ ከመናፈሻው እንደገና ወንዙ ዳር። አውድማ ላይ እንዳለ በሬ እንዞራለን። በዙሩ መሐል ታናሽ እህቴ የምትኖርበት ከተማ አለ። ከተማው መግቢያ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀኙ በዳር ያልፋል። ባሌ ሁልጊዜ ቀኙን ነው የሚይዘው። "በመመለሻችን እንገባለን" ይላል። ክብ መንገድ መመለሻ የለውም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም።

እህቴ የልብስ ስፌት ቤት አላት። የተማሪዎች ዩኒፎርም ተረክባ ጨርቅ የሚቆርጥላት ሰው ቸግሯት ሰንብታለች። ትናንት ደወለችልኝ።

"እትዬ፣ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አጽድቼልሻለሁ" አለችኝ። "ነገ ከመጣሽ ያንቺ ናት። ካልመጣሽ ግን ሌላ ሴት ጠርቻለሁ። ደንበኞቹ ሊበሉኝ ነው፣ ከዚህ በላይ አልችልም።"

"እመጣለሁ" አልኳት።

"ባለፈውም እመጣለሁ ብለሽ ነበር" አለችና ዘጋችው። ከስድብ ባሰብኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባሌ ተከራዮቹን በስልክ "ሌላ ዓመት ቆዩበት" ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ። ሌላ ዓመት እዚህ ውስጥ ከቆየሁ እንደማብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተነሣሁት ልወርድ ቆርጬ ነው።

እሱ እንደ ልማዱ ፍተሻውን ጀመረ። ጎማዎቹን በዱላ መታ መታ አደረገ፤ ዘይትና ውሃ አየ፤ መብራት አበራ አጠፋ። ከዚያ ገብቶ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ምሰሶዎቹ ላይ ያሉትን ደወሎች አንድ በአንድ ተጫነ። ወንበሮቹን ሲነቅል ምሰሶዎቹን አልነካቸውም፤ እኔ ፎጣ አሰጣባቸዋለሁ። ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ የሚጫናቸው ደወሎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ሲጫኗቸው ፊት ለፊት ጢ ይላል፤ ከመሪው በላይ ቀይ መብራት ይበራል።

"ለማን ብለህ ነው የምትፈትሻቸው?" አልኩት።

"መኪና ሙሉ መሆን አለበት።"

"ተሳፋሪ የለህ።"

"አንቺ አለሽ" አለኝ። የቀልድ አነጋገር አልነበረም።

የኋላውን በር አልጋው ሲገባ በብየዳ ዘግቶታል። ለድንገተኛ አደጋ ተብሎ የተሠራውን፣ ሲስቡት በሩን የሚለቀውን እጀታም ነቅሎታል። በሥራ ዘመኑ ጎረምሳው ሁሉ እሱን እየሳበ ዘሎ ሲወርድበት ኖሮ ዓይኑ እንዳያየው ይጠላዋል። "አሁን ማን ይስብብሃል?" ብዬው ነበር ያኔ። "ማን ያውቃል" አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መስኮቶቹም ከላይ በኩል ብቻ ነው ገርበብ የሚሉት፤ እጅ ያስወጣሉ፣ ሰው አያስወጡም።

ከሁሉም የሚብሰኝ ግን መስታወቱ ነው። ከራሱ በላይ ተሳፋሪ የሚያይበት ሰፊ መስታወት አለ፤ ከእኔ ጋር የሚያወራው በሱ ነው። ምድጃዬ እዚያ ውስጥ ነው፣ አልጋችንም እዚያው ውስጥ ነው። ልብስ ስቀይር እንኳ ጥግ ፈልጌ ነው። አንዴ መጋረጃ ሰፍቼ ሰቀልኩ፤ "የኋላው ካልታየኝ መንዳት አልችልም" ብሎ አጣጥፎ መለሰልኝ። ስናወራ የማየው ዓይኑንና ግንባሩን ነው። ስንቆምም ሻዩን እዚያው ወንበሩ ላይ ነው የሚጠጣው፤ የባሌን አፍ በብርሃን ካየሁት ቆየሁ።

ሞተሩን አስነሣና አየሩ እስኪሞላ ጠበቅን። በሩ ፊሽ ብሎ ተዘጋ።

"ዛሬ እህቴ ጋ መውረድ እፈልጋለሁ" አልኩ ወደ መስታወቱ።

"በመመለሻችን።"

"በመመለሻችን ስትል ዓመት ሞላን እኮ።"

"ፕሮግራሙ ይዛባል። ከቀትር በፊት ማደያው ጋ መድረስ አለብን።"

"ማደያው ጋ ማን ይጠብቀናል?"

ዓይኑን ከመስታወቱ አንሥቶ መንገዱ ላይ ተከለው። እኔም ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፤ ሲታጠፍ አብሬ እየታጠፍኩ፣ ፍሬን ሲይዝ ቢላውን ወደ ላይ እያነሣሁ። ይህም ሙያ ሆኖ ተለምዷል።

ማደያው ጋ ደረስን። ማደያ ፌርማታ አይደለም፤ ቢቆምም በሩ አይከፈትልኝም። እሱ በራሱ በር፣ በሾፌሩ በኩል ባለችው ጠባብ በር ወረደና ነዳጅ ቀጂዋን ሴት ሰላም አላት፤ ወገቡን ይዞ ተንጠራራ። እኔ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ አየኋቸው። ነዳጅ ቀጂዋ በእጇ ሰላም አለችኝ፤ እኔም በማማሰያ ሰላም አልኳት። በየዙሩ እንተያያለን፤ አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ እየተዝናኑ ሲኖሩ ሳትቀናብን አትቀርም።

በሱ በር ዘልለሽ አትወርጂም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ወንበሩን ተሻግሬ ተንጠላጥዬ መውረድ እችል ነበር፣ ጉልበቴ ገና ነው። ግን የያዘኝ በሩ ብቻ አልነበረም። ለባብሶ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰው ትዝ ይለኛል። መሪውን ሲይዝ ያ ሰው የለም፤ ትከሻው ይቃናል፣ ለብቻው ያፏጫል። ይህን ሰው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ጥሎ መውረድ ከበር ይከብዳል። ባይከብድማ ገና በመጀመሪያው ዙር በወረድኩ ነበር።

ከማደያው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን የፊት ጎማው ጠጠር ነክሶ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። እዚያው ዳር ይዞ አይቆምም መቼስ፤ እያንቀጫቀጨ ፌርማታ ድረስ ሄደ። ፌርማታው ላይ ቆመና እጁ እንደ ለመደው በሩን ከፈተ፤ በራሱ በኩል ወርዶ ጠጠሩን ነቀለ፤ ተመለሰ። በዚህ መሐል አንዲት እናት ጎመን የሞላ ዘንቢል ይዘው ወጡ።

"እሰይ፣ ዛሬስ ባዶ ነው" አሉና ምድጃው አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዘንቢላቸውን እግራቸው መሐል አደረጉ። ባሌ በመስታወቱ አያቸው፤ መቀመጣቸውን አረጋገጠ፤ በሩን ዘግቶ ነዳ። ምን ነካው አልኩ በሆዴ።

"እማማ፣ ይህ እኮ መኖሪያ ቤት ነው" አልኳቸው።

ምድጃውን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። "ቤት ከሆነ ምን ያስሮጠዋል?" አሉ።

ሻይ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

"አንቺ ሁልጊዜ እዚሁ ነሽ?"

"ሁልጊዜ።"

"መውረድ ስትፈልጊስ?"

"እጠይቀዋለሁ" አልኩ። ስናገረው ለራሴም አሳፈረኝ።

"ሾፌር ይለመናል እንዴ ልጄ?" አሉና ብርጭቆውን መለሱልኝ። ተነሥተው ምሰሶውን ያዙ፣ ፎጣዬን ገለጥ አድርገው ደወሉን ተጫኑ።

ጢ አለ። ቀይ መብራቱ በራ። የባሌ ትከሻ ቀና ሲል ከኋላ አየሁት። የጎን መስታወቱን ተመለከተ፣ ምልክት አሳየ፣ ፍሬኑን እንዲህ ሲይዝ የተረፈው ሻይ ከብርጭቆው ጠብ አላለም። በሩ ከፌርማታው ምልክት ትይዩ ገጠመ፤ ተከፈተ።

"ዕቃ እንዳይረሱ እማማ" አላቸው። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ይስቅ ነበር።

"ተባረክ ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ሾፌር የት ይገኛል" ብለው ወረዱ።

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የማላውቃቸው ሴት ሻይ ጠጥተው በፈለጉበት ወረዱ። እኔ ግን እየለመንኩ፣ እያኮረፍኩ፣ ዳር ዳር እያልኩ፣ እያለቀስኩ ሁሉ ዓመቱን ጨርሻለሁ። ለሚስቱ ልመና የማይቆም ሰው ለደወል ይቆማል። ይህን እስከ ዛሬ አለማሰቤ ደግሞ አናደደኝ። ምሰሶው ፎጣዬ የሚሰቀልበት ነው፤ ደወሉ ጠዋት ማታ ከእጄ ሥር ነው። ግን የሾፌር ሚስት ደወል አትነካም። ደወል የሚነካ ተሳፋሪ ነው። እሱን መጫን ማለት እኔ ተሳፋሪ ነኝ፣ መንገዴ እዚህ ያበቃል ማለት ነው።

ወጡን አወረድኩና ምድጃውን አጠፋሁ። መቀሴን፣ ሜትሬን፣ የክር ሣጥኔንና ሁለት ቅያሪ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። በመስታወቱ እያየኝ ነበር።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"ዕቃ እሰበስባለሁ።"

ፍጥነቱን ትንሽ ጨመረ፤ እሱ ፍጥነት የሚጨምር ሰው አይደለም። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ ጣራውን አግሎት ነበር። የእህቴ ከተማ ጣራዎች ከሩቅ ይታዩ ጀመር።

"አንተ ሰው" አልኩት። "ግራውን ያዝ። እባክህ። ዛሬ ካልደረስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።"

"በመመለሻችን አልኩሽ እኮ።"

"ዞር ብለህ እያየኸኝ በለው።"

"እየነዳሁ ነው" አለ። እውነቱን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እየነዳ ነው።

ከመንታ መንገዱ በፊት አንድ ፌርማታ አለ፤ ወደ ከተማው የሚገቡ ሰዎች አውቶቡስ የሚጠብቁበት። ምሰሶውን ያዝኩ። ፎጣውን አወረድኩ። ጣቴን ደወሉ ላይ አድርጌ ዓይኑን በመስታወቱ ፈለግኩት፤ እሱም አየኝ። ከዚያ ተጫንኩት።

"ወራጅ አለ" አልኩ።

ቀይ መብራቱ በራ። ላይቆም ይችል ነበር፤ ማን እንደተጫነው አይቷል። እጁ መሪው ላይ ሲጨብጥና ሲለቅ አየሁ። ነገር ግን መብራት በርቶ ፌርማታ አልፎ አያውቅም። አመል ነው። ምልክት አሳየ፣ ዳር ያዘ፣ ከምልክቱ ትይዩ ገጠመ። በሩ ተከፈተ። የሜዳ ሽታ ገባ።

"ዕቃ..." ብሎ ጀመረና አቆመ።

"የስፌት መኪናዬ" አልኩት። "አንተ ነህ ያሰርካት።"

በእጅ የምትዞረው የስፌት መኪናዬ ስንሄድ እንዳትወድቅ ከጠረጴዛው ጋር በብሎን ተጠፍራለች። ያለሷ እህቴ ቤት ሄጄ ምን ልሠራ ነው። ከኋላችን የከተማው አውቶቡስ ደርሶ ክላክስ ማድረግ ጀመረ። ፌርማታ ይዘንበታል። ባሌ የሰው ፌርማታ ይዞ አያውቅም። ክላክሱ ሲደገም ጆሮው ሥር ያለው የደም ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ነድቶት ሊሄድ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። ሞተሩን አጠፋ።

ከሾፌሩ ክፍል ወጥቶ መጣ። በጠራራ ብርሃን ፊቱን ሙሉውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ከአፉ ግራና ቀኝ የማላውቃቸው መስመሮች ወርደዋል። መፍቻውን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ። ብሎኖቹን ተራ በተራ ፈታ። የመጨረሻዋ እምቢ አለች።

"አጥብቄው ነበር" አለ ከሥር።

"አውቃለሁ።"

ዘይት ጠብ አድርጎባት እስክትጠጣ ጠበቀ። ውጪ ሰዉ ይሳደባል፣ ክላክሱ ይጮኻል። አንድ ቃል ቢለኝ፣ አትሂጂ ቢለኝ፣ እቀር ነበር ብዬ እፈራለሁ። አላለኝም። ብሎኗን ፈታት።

መኪናዋን ተሸክሞ በተሳፋሪው በር ወረደ፤ ፌርማታው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ የነካትን ዘይት በእጅጌው ጠረገላት።

"አብረን እንሂድ" አልኩት። "እህቴ ጋ ለሁለታችንም ቦታ አለ።"

"መኪናው ፌርማታ ላይ አይውልም።"

"ከተማ አስገባው።"

መንታ መንገዱን አየ። ግራውን ከቀኙ ረዘም አድርጎ አየው። "መስመሬ አይደለም" አለ፤ ድምፁ እንደ ማልቀስ ነበር።

"እንግዲያው በመመለሻህ" አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ወዲያው ቆጨኝ። ራሱን ነቀነቀና ገባ።

ሞተሩ ተነሣ፤ አየሩ እስኪሞላ ቆየ። ከውጪ ሆኜ በመስታወቱ ሲያይ አየሁት። ምድጃውን፣ አልጋውን፣ ፎጣ የሌለበትን ምሰሶ አየ። ከኋላ ያለው አውቶቡስ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ "እናቴ፣ ወደ ከተማ ነው፣ አትወጪም?" አለኝ። አልመለስኩለትም። የባሌ የቀኝ ምልክት ብልጭ ብልጭ አለ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

በሩን አልዘጋውም። በር ሳይዘጋ አንድ እርምጃ ነድቶ የማያውቅ ሰው ነው። ረስቶት ይሆናል ብዬ ጥቂት ተከትዬው ሮጥኩ፤ የመኪናውን ጎን በእጄ መታሁ። ሰው እንደሚጠብቅ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ እንኳን እኔ ያቺ ባለ ዘንቢል እናትም ይደርሱበት ነበር። ደረጃው እጄ ሥር ነበር። እግሬ ግን አልወጣም አለኝ፤ ቆምኩ። ዓመቱን ሙሉ "ክፈትልኝ" ስል የኖርኩ ሴት፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ "በሩን ዝጋው፣ በሩን ዝጋው" እላለሁ። ቀኙን ይዞ ታጠፈ። በሩ እንደ ተከፈተ ነበር።